እርጥብ እበት

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የወተት ቦቴ ነዳሁ፤
የትሬጋሮንን ዳገት በጭጋግ ወጣሁ፣ ወረድሁ።
ሰው ገጭቼ አላውቅም፤ መስታወት አንዴ ብቻ ተሰበረብኝ፣
እሱንም የጎረቤት ወይፈን ነው በቀንዱ የወጋብኝ።

ስድሳ ስምንት ሲሞላኝ፣ ልጄ ሄውልዌን መጥታ፣
ሹራብ ስጠብቅ ሰጠችኝ ቀጭን ፖስታ።
«የላቀ የአነዳድ ሥልጠና» ይላል፤ ተከፍሎበታል።
በዚያ ገንዘብ እኮ ሁለት አዲስ ጎማ ይገዛል!
«ይሄማ» አልሁ በሆዴ፣ «ለቀባሪው አረዱት»፤
አፌ ግን «ተባረኪ» አለ፤ የልጅ ስጦታ አይመልሱት።

መምህሬ ኔሪስ ነበረች፣ ጡረታ የወጣች ፖሊስ፤
ፊቷ እንደ ረጋ ኩሬ፣ በቀልድ የማይታመስ።
«የምታየውን ሁሉ» አለችኝ «ጮክ ብለህ ተናገር።»
እኔ! በሠርጌ ቀን እንኳ አፌ የተቆለፈ እንደ በር።
«አጥር... ዛፍ... ኩርባ... የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ...»
እያልሁ ቆጠርሁ፣ እንደ ሕፃን ፊደል በመጀመሪያ።

«ግራና ቀኝ አጥሩ ከፊትህ የሚሳሳምባት
ነጥብ አለች» አለች፤ «ዓይንህን ጣል፣ አትልቀቃት።
ስትሸሽህ ተከተላት፤ ስትመጣብህ ግን
ፍሬን ከመርገጥህ በፊት ቀድመህ አንሣ እግርህን።»

ከላንዴዊ ድልድይ ማዶ አስፋልቱ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤
«እበት» አልሁ፤ አፈርሁ፤ በሴት ፊት እንዲህ ያለ ቃል ተናገርሁ።
«ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ?»
          «እርጥብ።»
                    «እንግዲያስ?»

መልስ አልነበረኝም። እግሬ ግን ቀድሞኝ ገባው፤
ቀስ አልሁ... ኩርባው ተገለጠ... ሰማንያ ላም መንገዱን ሞላው።
ከኋላቸው ቢጫ ቦቲ ያደረገች ልጅ፣ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና፣
እጇን አነሣችልኝ፤ አለፈች፤ ምንም አልሆነም፤ ዳመና፣
ግታቸው የሞላ ላሞች፣ የጭራ ውልብታ፤ ይኸው ነው።
ኔሪስ አንዲት መስመር ጻፈች፤ ምን እንደሆነ እሷው ትወቀው።

ስንመለስ ብቻ፣ ሳልጠይቃት፣ «ሃያ ሁለት ዓመት» አለችኝ፣
«ሌሊት የሰው በር አንኳኳሁ፤ ቆቤን በእጄ ያዝሁ፤ ከፈቱልኝ።»
ካፊያ ጀመረ፤ የመስታወት መጥረጊያው ብቻ ተናገረ፤
ያ የቀባሪው ተረቴ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ማታ ግዊሊም ቢራውን ይዞ «ኢንሹራንስህ ቀነሰ?» አለኝ።
«ዘጠኝ ፓውንድ» ስለው፣ ትን እስኪለው ሳቀብኝ።
እውነቱን ነው፤ በስሌት ከሄድን ስሌቱ አይሞላም፤
ያልደረሰ አደጋ ደረሰኝ የለውም፣ አይመነዘርም፣ አይበላም።
የወንድሜ ልጅ ዲላንም ሠልጥኖ ነበር፣ በበረዶ ላይ መንዳት፤
ልቡ አበጠ፤ በሳምንቱ በትራክተር ጎተትነው ከቦይ ጥልቀት።

ግን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጣራውን እያየሁ
የአርባ አንድ ዓመቱን ኩርባ አንድ በአንድ ቆጠርሁ፤
ከኋላዬ አሥራ ስምንት ሺህ ሊትር ወተት ሲናጥ
በስንቱ በረርሁ፣ ማዶውን ሳላይ፣ ሳልሠጋ፣ ሳልደነግጥ?
ችሎታ ያልሁት፣ ያ የምኮራበት፣
ምናልባት ባዶ መንገድ ነበር፣ ላሞቹ ያልወጡበት።

ፈተናውን አለፍሁ። ለጥቂት። መስታወት ባለማየት ተቀጣሁ።
ሄውልዌን «ጠቀመህ?» ስትለኝ፣ ሻዬን አማሰልሁ፣
«እንጃ» አልሁ። እንጃም መልስ ነው ብዬ ተውሁ።

ሐሙስ በዚያው ኩርባ አለፍሁ፤ ብቻዬን፤ ፀሐይ ነበር፤
እግሬን አነሣሁ፤ ቀስ አልሁ፤ ማንም የለ፤ ጭር።
«ደረቅ ነው» አልሁት
ባዶውን ወንበር።